ተጠየቅ የሚል ሰሚ



ነገ እዚህ የካ፣ በዚህ አዳራሽ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የንግግር ውድድር ይካሄዳል። አዘጋጆቹ በዋዜማው ለተወዳዳሪዎቹ «ጥሩ ንግግር እንዴት ይደረጋል» በሚል ርእስ ዲስኩር እንዳሰማ ጠየቁኝ፤ እኔም እሺ አልኩ። ወረቀት አውጥቼ ስቀመጥ ግን ሐሳቤ ለርእሱ አልታዘዝ አለኝ። መድረክ ላይ እንዴት እንደሚቆም፣ ድምፅ የት ከፍ የት ዝቅ እንደሚል፣ እጅ ምን እንደሚሆን መምህሮቻችሁ በሚገባ አሳይተዋችኋል። ሳልነግራችሁ ብቀር የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ መልስ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ንግግሩ ካበቃ፣ ጭብጨባው ከበረደ በኋላ አንድ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ «ቆይ እስኪ» ሲል ስለሚጀምረው ነገር።

እኔ ያደግሁት ከዚህ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሰው አጥር ጋር በሚገናኝበት ዳገት ላይ ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በአንድ የንግግር ውድድር ተካፈልኩ። ርእሴ ደን ጥበቃ ነበር። ሰባት ደቂቃ ተሰጠን። እኔ ሰባቱን ደቂቃ መስተዋት ፊት ቆሜ፣ ቃል በቃል፣ የትንፋሽ መውሰጃውን ሳይቀር ሸመደድኩ። ዛፍ የሚቆርጥ ሰው የልጁን ጥላ ይቆርጣል አልኩ፤ ተጨበጨበልኝ። አንደኛ ወጣሁ። መዝገበ ቃላትና በመስተዋት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ተሸለምኩ።

ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዤ ፈረንሳይ ወረድኩና በእግሬ ዳገቱን ተያያዝኩት። መንገዱ ዳር እንጨት ተሸካሚዎች ሸክማቸውን ከጀርባቸው ሳያወርዱ ግንብ ላይ አስደግፈው ያርፋሉ። በየካና በእንጦጦ ሥር ያደገ ሁሉ ይህንን ሥዕል ያውቀዋል፤ እናት ወገቧን ለሁለት አጥፋ፣ የራሷን ክብደት የሚጠጋ እንጨት ተሸክማ፣ ያንን ቁልቁለት ስትወርድ። ከመካከላቸው አንዷ እናቴን ያውቋት ነበርና ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያ የያዝከው ምንድን ነው?»

«ሽልማት ነው እማማ። ንግግር አድርጌ።»

«ጎበዝ! ስለ ምን ተናገርክ?»

«ስለ ደኑ። እንዳይቆረጥ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ይህንን አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ። እንደሚያስብ ሰው ነው ዝም ያሉት። ከዚያ፣ «እኔ ቅጠልና ጭራሮ ነው የማነሣው። እሱም ይቅር ካልክ፣ ማታ ልጆቼ ምን ይብሉ አልካቸው?» አሉኝ።

ምንም አላልኩም ነበር። «አላልኩም እማማ» ብዬ መለስኩ። «እንግዲህ ይቅናህ ልጄ» ብለው ሸክማቸውን ከግንቡ አላቀቁና ወረዱ።

ያ የምስክር ወረቀት ቤታችን ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመት ተሰቅሎ ኖሯል። እናቴ በየሳምንቱ ትወለውለዋለች። እኔ ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ ያልመለስኩት ጥያቄ ነው። ጥያቄው እኮ ከርእሴ ውጭ አልነበረም፤ የርእሴ እምብርት ነበር። ያ ባሕር ዛፍ አገር በቀል ደን አይደለም። የእንጦጦ ጽድና ወይራ ለግንባታና ለማገዶ ተመናምኖ ከተማዪቱ እንጨት ባጣች ጊዜ፣ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለ ነው። ከመጀመሪያው የታሰበው ለማገዶና ለቤት ሥራ ነበር። የአዲስ አበባ ምጣድ ከመቶ ዓመት በላይ የጋለው በዚያ ቅጠል ነው። ደኑ ይጠበቅ ካልን፣ በዚያ ቅጠል የሚኖረው ጎጆ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። እኔ የደኑን ታሪክ አንብቤ ነበር፤ ሴቶቹን ደግሞ በየቀኑ አያቸው ነበር። ሁለቱን ያላገናኘሁት የሚጠይቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። በአዳራሹ ሦስት ዳኞችና ሁለት መቶ የሚሆን ተማሪ ተቀምጦ ነበር። ማንም «ቆይ እስኪ» አላለኝም። የውድድሩ ደንብም አይፈቅድም ነበር።

ዛሬ እኔ ራሴ የምዳኝበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። የዳኞች የውጤት ቅጽ እጄ ላይ ሲገባ መጀመሪያ የማየው የመልስ ቦታ አለው ወይ የሚለውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ድምፅ አለ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ አለ፣ የዓይን ግንኙነት አለ፣ የጊዜ አጠቃቀም አለ፣ ይዘት አለ። የዓይን ግንኙነት ስላልኩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ነገር አሁንም ያመኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዳኘሁበት አንድ ውድድር፣ ከሰሜን ሸዋ ገጠር የመጣች ተማሪ ነበረች። አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ ተናገረች። በታላላቆች ፊት የሚናገር ጨዋ ልጅ እንዲህ ነው የሚናገረው፤ ትኩር ብሎ የሚያይ ልጅ ዓይን አውጣ ይባላል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የተነገራት ይህ ነው። ንግግሯን ስትጨርስ ከተማሪዎቹ አንዱ ደንቡን ተላልፎ ከኋላ ሆኖ በጩኸት ጠየቃት። አዳራሹ ሳቀ። እርሷ ግን አልደነገጠችም። ጥቂት አሰበችና፣ ጥያቄው ልክ ከሆነ ሁለተኛው ነጥቧ እንደሚወድቅ፣ ሦስተኛው ግን እንደሚቆም፣ ለምን እንደሚቆምም በሦስት ዐረፍተ ነገር አስረዳች። በዕድሜዬ ከሰማኋቸው መልሶች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። አራተኛ ወጣች። ለዓይን ግንኙነት ዝቅተኛ ነጥብ ከሰጧት ዳኞች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ቅጹ የጠየቀኝን ሞላሁ፤ ያልጠየቀኝን ለመጻፍ ቦታ አጣሁ። ያን ዕለት ያ መልስ ሳይመዘን ከእርሷ ጋር ሄደ።

አያቶቻችን ቢያዩን በዚህ ይገረሙ ነበር። በእነርሱ ዘንድ ብቻውን የሚናገር ሰው ሰባኪ ነው ወይም አዋጅ ነጋሪ ነው። የንግግር ችሎታ የሚለካበት ሜዳ ሙግት ነበር። ሙግት ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ነገሩን እንደማውቀው ላስረዳ። ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሹም ዳኛ እስኪያገኙ አይጠብቁም ነበር። በመንገድ የሚያልፈውን ሽማግሌ አስቁመው «ዳኘን» ካሉት፣ ሰውየው ከበቅሎው ወርዶ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። አላፊ አግዳሚው ይከባል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ለፊት ይቆማሉ። «በላ ልበልሃ» የሚባለው ሥርዓት ይህ ነው፤ አንተ በል፣ እኔም ልበልህ። አንዱ «ተጠየቅ!» ይላል። ሌላው «ልጠየቅ» ይላል። «ልጠየቅ» ባለበት ቅጽበት ግዴታ ገባ ማለት ነው፤ የተጠየቀውን ትቶ ወደ ሌላ ወሬ ቢሸሽ ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ ያውቅበታል። በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። ነገራቸውን በምሳሌና ቤት በሚመታ ቃል ያስጌጡታል፤ ዘንጋቸውን ወደ ምድር ይሰብቃሉ፤ ወደፊት ይራመዳሉ፤ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ዛሬ የሰውነት እንቅስቃሴ ብለን ነጥብ የምንሰጥበት ሁሉ እዚያ አለ። ግን ሁሉም ለመልሱ ያገለግላል። ያማረ ቃል የተናገረ ሰው፣ ቃሉ የተጠየቀውን ካልመለሰ፣ ማሩን ይከፍላል።

በዘመኑ የነበሩ የውጭ መንገደኞች ኢትዮጵያውያን ሙግት ይወዳሉ ብለው ደጋግመው ጽፈዋል፤ እንደ ነቀፋ የጻፉትም አሉ። እኔ እንደ ነቀፋ አላየውም። ከየካ አቀበት ማዶ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ሲጣላ ጦር ከመምዘዝ ይልቅ የሚሄድበት ቦታ ነበረው ማለት ነው። የመንግሥቱ ከፍተኛ ዳኛ ይጠራ የነበረው እንኳ አፈ ንጉሥ ተብሎ፣ በአፍ ስም ነው። በምኒልክ ዘመን አፈ ንጉሥ ነሲቡ በዳኝነታቸው የታወቁ ነበሩ፤ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስቴር የተሰጠው ለእርሳቸው ነው።

ሥርዓቱ እንከን አልነበረውም አልልም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚለው ምሳሌ ያለ ነገር አልተነገረም፤ አፉ የሰላ ሰው እውነት የያዘውን ድሃ የረታበት ቀን ብዙ ነው። ሴቶችም ዛፉ ሥር ለመቆም ያገኙት ዕድል ትንሽ ነበር። የእነርሱ የቃል ሜዳ ለቅሶ ቤት ነበር፤ የሟቹን ታሪክ፣ የቤተሰቡን ቅሬታ፣ ያልተነገረውን ሁሉ እዚያው ቆማ በግጥም የምታወርድ አልቃሽ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ተነግሯት የመጣች ናት። እንዲህ ያለውን ችሎታ በየትኛው የውድድር ቅጽ እንደምንመዝነው አላውቅም።

ከሙግት ሌላ ንግግር የሚለመድበት ትምህርት ቤት ቅኔ ቤት ነው። ስለ ቅኔ ቤት ስንናገር ሁልጊዜ ስለ ተቀኚው እናነሣለን፤ እኔ ስለ ሰሚው ላንሣ። ተማሪው ቀን ብቻውን ቅኔ ይቆጥራል፤ መጀመሪያ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ጓደኞቹ ቁጭ ብለው ይሰማሉ፤ ሰሙን ሰምተው ወርቁን ይፈልጋሉ። ሰሚው ካልሠራ ቅኔው አልተነገረም ማለት ነው። ሲገባቸው «ይበል!» ይላሉ። መምህሩ ደግሞ ያርማል፤ እዚያው በሰው ፊት፤ ተማሪውም እርማቱን ተቀብሎ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። በሰው ፊት መታረምን እንደ ውርደት የማያይ ሰው የሚወጣው ከዚህ ነበር። እኛ ዛሬ በጭብጨባ የምንሸኘውን ልጅ እነርሱ በእርማት ይሸኙት ነበር፤ ያ ልጅ የሚቀጥለውን ቀን በጉጉት ይጠብቃል።

አሁን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ልምጣ፤ የዚህም ታሪክ አንዱ መነሻ ከዚሁ ከየካ ነው። ዛሬ ኮከበ ጽባሕ የምንለው ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተብሎ ተከፈተ። ሰው «ኮተቤ» ብሎ ይጠራው ነበር። አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆች አንድ ጣራ ሥር ያድሩ፣ በአንድ ገበታ ይበሉ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው የኢየሱሳውያን (ጀዝዊት) ማኅበር አባል በሉሲያን ማት አስተዳዳሪነት አራት ኪሎ ሲከፈት፣ ከኮተቤ የወጡት ልጆች ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች መካከል ነበሩ። ተማሪዎቹ ይከራከሩ ነበር፤ የራሳቸውን ጋዜጣ ያወጡ ነበር። በየዓመቱም የኮሌጅ ቀን የሚባል በዓል ነበራቸው፤ በዚያ በዓል የግጥም ውድድር ይደረጋል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሳይቀሩ የሚገኙበት ጊዜ ነበር። በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሕዝብ ፊት ቆሞ የተወዳደረበት መድረክ ሲነሣ ከዚህ የሚበልጥ ታሪክ ያለው አላውቅም።

ታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ፤ ተማሪዎችም ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው ከሸፈ። በዚያው ዓመት በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አነበበ። ርእሱን አስቡት። በዚያ ጊዜ፣ በዚያ አዳራሽ፣ ይህንን ለማለት የሚያስፈልገውን ድፍረት ዛሬ መገመት ይከብዳል። በቀጣዮቹ ዓመታት ሌሎችም መጡ። ዮሐንስ አድማሱ መጣ። በ1959 ዓ.ም. ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ በብዕር ስሙ ገሞራው፣ «በረከተ መርገም»ን አሰማ። በዚያን ጊዜ ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ወደ ስድስት ኪሎ ወጥቷል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው መንገድ በበሩ ያልፋል። እንጨት ተሸካሚዎቹም በዚያው መንገድ ይወርዱ ነበር።

ለእነዚህ ሰዎች ያለኝን አክብሮት መደበቅ አልፈልግም። ስለ ደሃው ለመናገር ክብራቸውንና ትምህርታቸውን አሲዘዋል። ነገር ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። ደሃው ይናገራል ተባለ፤ ደሃው ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ግጥሙን የሰማው ባለሥልጣን ደግሞ በቃል አልመለሰም፤ ግጥም ከመነበቡ በፊት ይመርመር የሚል ነገር መጣ። ተናጋሪው «ተጠየቅ» አለ፤ «ልጠየቅ» የሚል ጠፋ። መልስ ያላገኘ ጥያቄ አይሞትም፤ እየጠነከረ ይሄዳል። የዮሐንስ አድማሱ የግጥም መድበል ርእስ «እስኪ ተጠየቁ» መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ያሳስበኛል፤ የዘመኑ ጩኸት ሁሉ በሁለት ቃል የተጠቀለለ ይመስለኛል።

ኅዳር 8 ቀን 1962 የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቀረበው ጽሑፍ ጥቂት ገጾች ብቻ ናቸው። እነዚያን ጥቂት ገጾች ዛሬም፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎ፣ የሚያወድሱና የሚያወግዙ አሉ። ልክ ነው ስሕተት ነው የሚለውን እዚህ አልፈርድም። የምለው፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በቀረበ ማግስት፣ በዚያው መድረክ፣ በዚያው ክብደት የሚሞግተው ሌላ ጽሑፍ ቢቀርብ፣ ለሱም ሌላ መልስ ቢሰጥ፣ የእኛ ትውልድ ሸክም ይቀል ነበር ነው።

መድረክ የተገኘበትም ጊዜ ነበር። በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» የሚል ዓምድ ከፈተ፤ በዚያ ዓምድ የሁለቱን የግራ ድርጅቶች፣ የኢሕአፓንና የመኢሶንን አቋም የያዙ ጸሐፊዎች ስለ አብዮቱ አካሄድ፣ ስለ ጊዜያዊ መንግሥት ተከራከሩ። ብዙዎቹ በስድስት ኪሎ ግቢ፣ ወይም በአውሮፓና በአሜሪካ የተማሪ ማኅበራት የሚተዋወቁ ነበሩ። እነዚያን ክርክሮች ያነበብኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው። የሚያሳዝነኝ ምን መሰላችሁ? አንዱ ሌላው የተናገረውን ትቶ ሊናገር ይችላል ብሎ የገመተውን ሲመልስ ታገኛላችሁ። ከዓመት በኋላ ወረቀቱ ቀረ፤ ጥይት መጣ። ያ ትውልድ ተናጋሪ አላጣም። የሰማውን ሰምቶ የሚመልስ አጣ፤ መልሱንም የሚያስከብር ዳኛ አጣ።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አገር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ እንደነበር ዕድሜያችሁ ባይደርስም ወላጆቻችሁ ይነግሯችኋል። ሕዝባችን ክርክር ለመስማት ትዕግሥት የለውም የሚል ሰው ያን ጊዜ እዚህ አልነበረም።

እንግዲህ የነገውን ውድድር ምን እናድርገው? ሌላው ዓለም የሚያደርገውን ማየት አይከፋም። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ሻምፒዮና አለ። በዚያ ሥርዓት የክርክሩ ርእስ የሚነገረው ከዐሥራ አምስት ደቂቃ በፊት ነው፤ ስለዚህ መሸምደድ አይቻልም። አራት ቡድኖች፣ ከየቡድኑ ሁለት ሰው፣ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ደቂቃ ይናገራል። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ደቂቃ በስተቀር ተቃራኒው ወገን ተነሥቶ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ ተናጋሪው ጥያቄ ሳይቀበል ሰባቱን ደቂቃ ቢጨርስ ዳኞቹ ዝም ብለው አያልፉትም። ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የዛፍ ጥላ ቢጨመርበት በላ ልበልሃ ነው።

ቋንቋውም ይታሰብበት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለምትማሩ፣ በዩኒቨርሲቲም ፕሬዘንቴሽኑ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የንግግር ውድድር ሲባል በእንግሊዝኛ የሚደረግ ነገር ይመስላችኋል። እንግሊዝኛ ያስፈልጋችኋል፤ ተማሩት። ነገር ግን ንግግር በተዋሱት ቋንቋ መሸምደድ ይቻላል፤ ያልጠበቁትን ጥያቄ ወዲያው መመለስ ግን የሚቆጡበትንና የሚታረቁበትን ቋንቋ ይፈልጋል። ለአንዳችሁ አማርኛ ነው፤ ለሌላችሁ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ሶማልኛ ነው። ከዚህ አዳራሽ ጀርባ ያለው ተራራ ሁለት ሦስት ቋንቋ ይሰማል። አስተርጓሚ አቅርበን ሁሉም በሚችለው ቢከራከር ውድድሩ ሰዓት ይፈጅ ይሆናል፤ ይፍጅ።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ ያውቁ ነበር። አዳራሹም ፈረንሳይኛ ያውቃል። እርሳቸው ግን በአማርኛ ተናገሩ። የጣልያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ፤ እነርሱ እስኪወጡ ጠብቀው ቀጠሉ። ስለዚያ ንግግር ስንናገር ብዙ ጊዜ ግርማውን እናነሣለን። እኔን የሚነካኝ መጨረሻው ነው፤ ለሕዝቤ ይዤው የምመለሰው መልስ ምንድን ነው ብለው ጠይቀው ነው የጨረሱት። ማኅበሩ በቀናት ውስጥ በጣልያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ለማንሣት ወሰነ። መልሱ ያ ነበር። ዓለምም ብዙ ሳይቆይ የዚያን መልስ ዋጋ ከፈለ።

ለነገ ዳኞች ልመና አለኝ፤ ከእነርሱ አንዱ ስለሆንኩ ለራሴም ጭምር ነው። ከመቶው ነጥብ ግማሹን ለመልስ እንስጥ። ተወዳዳሪው መልስ ከመስጠቱ በፊት ጠያቂው ያለውን በራሱ ቃል ይድገምለት፤ ጠያቂው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ካላለ ሰዓቱ አይቆጠር። ተሳስቻለሁ ብሎ ሐሳቡን የተወ ተወዳዳሪ ነጥብ ይጨመርለት እንጂ አይቀነስበት። ዓይኑን ሰብሮ የሚናገር ልጅ ዓይኑን በመስበሩ አይቀጣ። ጠያቂው ደግሞ ተማሪ ብቻ አይሁን። የሾላ ገበያ ነጋዴ፣ የመገናኛ ታክሲ ረዳት፣ ከላይ ከደኑ የሚወርዱት እናቶች ይጋበዙ። አዳራሹ ሦስት መቶ ወንበር አለው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ረድፎች ለእነርሱ እንልቀቅ። የእንግዳ ወንበር ነውና ከፊት ይሁን።

ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው፤ ነገ መምህር የምትሆኑ ከመካከላችሁ ብዙ ናችሁ። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አለ፤ ጠዋት ከባንዲራ ሥነ ሥርዓት በኋላ ልጆች ማይክ ይዘው ያነባሉ፤ አራት መቶ ልጅ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይሰማል። አንብበው ሲጨርሱ ሁለት ደቂቃ ጨምሩላቸው። ከሰልፉ መካከል አንድ ልጅ እጁን ያውጣና ይጠይቅ። ሌላ ምንም በጀት አያስፈልገውም።

እኚያ እናት ዛሬ በሕይወት የሉም። መልሱን ለእርሳቸው ለማድረስ ዘግይቻለሁ። መልሴ ግን አለኝ፤ ብዙ ዓመት ሠርቼበታለሁ። የሚቀጣጠል ሌላ ነገር፣ የሚሠራ ሌላ ሥራ፣ ለእርስዎም ከደኑ ጥበቃ ደመወዝ የሚገኝበት መንገድ ሳይዘጋጅ «ደኑ አይነካ» የሚል ንግግር ግማሽ ንግግር ነው እላቸው ነበር። እርሳቸውም ምናልባት ሌላ ጥያቄ ይጨምሩ ነበር።

ለእኔ ከተሰጠኝ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ቀርቶኛል፤ ሆን ብዬ ያስቀረሁት ነው። ለመልስ ግማሽ ነጥብ ያልኩት ትክክል አይደለም የምትሉ እንዳላችሁ ከፊታችሁ እያነበብኩ ነው። በእንግሊዝኛ ጉዳይም አንዳንድ መምህራን እንዳልተስማማችሁ አይቻለሁ። እባካችሁ፣ ማይኩን ከኋላ ወንበር ጀምሩት። ልጠየቅ።